ጨው ያንሰዋል

ቃ፤ ቃ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው፤ ብርሃኑ ገና ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ማንኪያ የአልጋ ብረት ሲመታ የሚያወጣው ድምፅ እንደ ደወል አያስተጋባም፤ ጥርስ ጥርስን ሲነካ እንደሚሰማው አጭርና ደረቅ ነው። ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ ቆጠረች። አንድ ከሆነ «ነይ» ነው። ሁለት ከሆነ ውሃ ነው። ሦስት ከሆነ ጣጣው ብዙ ነው፤ ባልዲ፣ ፎጣና ሳሙና ያስከትላል። ዛሬ ሁለት ነው። ሳሎኑን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ፣ መሬት ላይ ከተዘረጋው ፍራሿ ተነሣች፤ ቀዝቃዛውን ሲሚንቶ በባዶ እግሯ ረግጣ ከጆጉ ውሃ ቀዳችና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። አባቷ ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ማንኪያዋን እንደ ሹመት በትር ደረታቸው ላይ አቁመዋታል።

«ሁለቴ ነው የመታሁት» አሉ።

«ሁለቴ ሰማሁ አባባ። ይኸው ውሃው።»

«ከዚያ በፊትም ሁለት መትቼ ነበር። አልሰማሽም። ሲደመር አራት ነው። አራት የሚባል ነገር ደግሞ የለንም።»

ልጅቷ እንበላት እንጂ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ፎቁ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ «የጋሽ ሚዛን ልጅ» እያለ ስለሚጠራት ልጅነቱ ሳይወልቅላት ቀርቷል። ጋሽ ሚዛን አባቷ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ የነሐስ መመዘኛዎቻቸውን በሣጥን ይዘው ከሱቅ ሱቅ ይዞራሉ፣ ሥጋ ሻጩ አውራ ጣቱን ከሚዛኑ ላይ እስኪያነሣ ድረስ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ይጠብቃሉ። ሣጥኑ ዛሬም ከአልጋቸው ሥር አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው ሰነፈ፤ ሰው ካልደገፋቸው ከአልጋ እስከ ጠረጴዛ አይደርሱም። ሐኪሙ በዚያው ሰሞን ጨው ከለከላቸው፣ ከዚያ ወዲህ ቅንጣት አልዋጡም። ማንኪያዋም ከዚያ ወዲህ የመጣች ናት። ለመጣ እንግዳ ሁሉ የሚሏት አንዲት ነገር አለች፦ «እኔ ጎኔ ሰነፈ እንጂ ቃሌ አልሰነፈም። በአንድ ግራም ዋሽቼ አላውቅም።» እንግዳው ራሱን ይነቀንቃል፤ ልጅቷም ከማድቤት ሆና ትነቀንቃለች፤ ሲደጋገም ትሰለቻለች እንጂ ውሸት መስሏት አያውቅም።

የሷ ጉዳይ ሌላ ነው። ሙያዋ ምግብ ማብሰል ነው፤ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መመገቢያ ለሦስት መቶ ሰው ታበስላለች። ከአራት ወር በፊት ጉንፋን ያዛት። ሳሉ በሳምንቱ ለቀቃት፤ ሽታ ግን አብሮት ሄደ፣ ጣዕምም እንደ ታማኝ ሚስት ሽታን ተከትሎ ወጣ። ሊመለስ ይችላል አላት ሐኪሙ፤ መቼ እንደሆነ ግን ሊነግራት አልቻለም። አሁን ማር ብትልስ ምላሷ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ብቻ ነው፤ ጨው አሸዋ ነው፤ ሥጋ የረጠበ ጨርቅ ነው። የቀረላት ማቃጠል ብቻ ነው። ቃሪያ ስትነክስ ምላሷ ይነድዳል፤ ከምግብ ሁሉ ሕመሙ ተመርጦ የቀረላት ይመስል። ፋብሪካው ውስጥ ማንም አላወቀባትም፤ እዚያ ለድስቱ የሚገባው ሁሉ ልኩ በኪሎ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ማንበብ የሚችል ሰው ያበስለዋል። ነገር ግን በዚህ ወር መጨረሻ መመገቢያው ይዘጋል፤ ምግቡ ከውጭ በካርቶን ታሽጎ ሊመጣ ነው። ምላሷ መሞቱን የሚያውቁት አባቷ ብቻ ናቸው። ቤት ውስጥ ለጎረቤት ወይም ለእንግዳ ስታበስል ከድስቱ በማንኪያ ጨልፋ ትወስድላቸዋለች፤ እሳቸው ይቀምሱና ጨው እንዳይውጡ በቆርቆሮ ጣሳ ይተፉታል፤ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣሉ። አንድም ቀን አላሳሳቷትም። «ስድስት ዓመት ጨው ያልነካው ምላስ እንደ አዲስ ሚዛን ነው» ይላሉ፤ «ቅንጣት ብትወድቅበት ይሰማዋል፤ ትንፋሽ ያነቃንቀዋል።»

ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባለማረፊያዋ ትመጣለች። ሴትዮዋ በአውቶቡስ የአሥር ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ሐይቅ ዳር የእንግዳ ማረፊያ አላት፤ አሥራ ሁለት ክፍል። አብሳይ ስትፈልግ ወረቀት አትጠይቅም። «በገዛ ቤቱ ሰው የማያበላ በኔ ቤት አያበላም» ትልና የአብሳዩ ቤት ሄዳ አንድ ምግብ ትበላለች። ሳህኗን ከጨረሰች ተቀጥሯል። ካልጨረሰች ተነሥታ ትሄዳለች፤ ለምን እንደሆነ የሰማ ሰው የለም። ይህን ሁሉ በስልክ ራሷ ናት የነገረቻት። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ዋዛ «አብሳይዋ የራሷ ክፍል አላት፤ መስኮቱ ወደ ውሃው ነው» አለች። ልጅቷ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ በሆዷ ይዛት ስትዞር ከረመች። አውቶቡስ ላይ ቆማ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጋደም ብላ ትላታለች። የራሷ ክፍል አላት። በር ያለው። እዚያ ወጥ ቤት ሁለት ረዳት አለ፣ የሚቀምስ ሰው አይጠፋም፤ ምላሷም በጊዜው ይመለሳል። ዛሬን ብቻ ማለፍ ነው።

ለአባቷ የነገረቻቸው ከሴትዮዋ ጋር በስልክ በተነጋገረችበት ቀን ነው። ፎቁ ሥር ያለችው ልብስ ሰፊ ጠዋትና ማታ ልትመጣላቸው ተስማምታለች፣ የማንኪያዋንም ቋንቋ አስተምራታለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አባቷ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ልብስ ሰፊዋን አይወዷትም፤ አፏ እንደ መርፌዋ ነው፣ ሳይወጋ አያልፍም ይላሉ። ቢሆንም ጎምዘዝ አላሉም። «ሂጂ ልጄ፤ እኔ እግር ብረትሽ አልሆንም» አሉ። ጥቂት ቆይተው «ሐይቁ ስንት ሰዓት ይፈጃል አልሽ?» ብለው ጠየቁ። አሥር ሰዓት ስትላቸው ማንኪያዋን ብርሃን ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩዋትና ፈገግ አሉ። «እስከዚያ አትሰማም» አሉ።

አራት ሰዓት ላይ ገበያ ወረደች። ዶሮዋን በዓይኗ መረጠች፤ ቆዳዋ ያልተቀደደ፣ ጭኗ የሞላ። ዋጋው ካለፈው ወር በሲሶ ጨምሯል፤ ሻጩ «ዶሮዋም አምና እንዲህ ቢሏት አታምንም ነበር» አላት። ማር ገዛች፣ ዝንጅብልና ደረቅ ቀይ ቃሪያ ገዛች። ብርቱካን ሻጩ ጋ ስትደርስ እንደ አባቷ ወግ አንድ በአንድ በእጇ እየመዘነች ከበድ ከበድ የሚለውን ለየች። ሰውየው አንዱን ከክምሩ አንሥቶ አፍንጫዋ ሥር አቀረበላት። «ሽቺው እንጂ እህቴ፤ ብርቱካን በእጅ አይገዛም።» ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ሳበች። አየር። «እንዴት ደስ ይላል ሽታው!» አለች። ሻጩ ብርቱካኑን ወደ ራሱ መለስ አድርጎ ሲያየው ሥሩ በስብሶ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል፤ ሳያየው ነበር ያነሣው፣ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ነበር። አፉን ዘጋ። ፊቷን ትንሽ አጠናትና፣ የመረጠቻቸውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ከጀርባው ካለው ቅርጫት ላስቲኩን ሞላላት። «ለሚያደንቅ ሰው ጥሩ ጥሩውን ነው የምሰጥ» አለ። ሱቅ ገብታ ጨው ስትጠይቅ ደግሞ ደቃቁ አልቆ ኖሯል፤ ያለው የድንጋይ ጨው የሚባለው ድፍን ድፍኑ ነው። ሁልጊዜ የምትለካው በደቃቁ ነበር፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሩብ ለአንድ ዶሮ። ባለሱቁ «ጨው ጨው ነው እህቴ፤ ይሟሟል፤ ሰውም ይሟሟል» ብሎ ሣቀ።

ቤት ደርሳ ላስቲኩን ስትፈታ ጣቷ ሁለቱ ብርቱካን ውስጥ ሰጠመ። ሦስተኛው ላላ ያለ ነው። ቆማ ትንሽ አየቻቸው፤ ከዚያ የበሰበሰውን እየቆረጠች ጣለች፣ ደህናውን ለየች፤ ያጠረውን በሎሚ ለመሙላት ወሰነች። ያኔ ነው ልኳ ሁሉ እንደተበላሸ የገባት። ከደብተሯ ላይ የጻፈችው በጥሩ ብርቱካንና በደቃቅ ጨው ነው፤ የዛሬው ብርቱካን ምን ያህል እንደሚጎመዝዝ፣ ድፍኑ ጨው በማንኪያ ምን ያህል እንደሚይዝ ደብተሩ አያውቅም። ምላስ ያስፈልጋል። ከውስጥ አንድ ጊዜ ቃ አለ። ገባች። «የገዛሽው ምን ይመስላል?» አሉ አባቷ። ነገረቻቸው፤ ሻጩን፣ ሻጋታውን፣ ጨውን፣ ሁሉንም። ለማን ትነግራለች ሌላ። እሳቸው ከልባቸው ተናደዱ። «በእኔ ጊዜ ቢሆን ያን ሰው ሚዛኑን እቀማው ነበር!» አሉ። ቀጥለው ረጋ ባለ ድምፅ «አይዞሽ፤ እኔ አለሁልሽ» አሏት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመረች። ዶሮዋን ስምንት ቦታ ገነጠለቻት፤ ቆዳውን በንጹሕ ጨርቅ አደረቀች፣ ርጥብ ቆዳ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ለአባቷ አንድ ጭን ለይታ ያለ ጨው በትንሽ ድስት ጣደች። መጥበሻው ሲግል ቁርጦቹን በቆዳቸው በኩል ደፋቻቸው። ከዚህ በኋላ ያለው የጆሮ ሥራ ነው፤ በአራቱ ወር ውስጥ ራሷን ያስተማረችው ይህን ነው። ሲጀምር ይጮኻል፤ ውሃው ሲወጣለት ድምፁ ይቀጥናል፤ ቆዳው ሲደርስ እንደ ካፊያ ይሆናል፣ ያኔ ይገለበጣል። በቀለጠው ስብ ላይ ዝንጅብሉንና ነጭ ሽንኩርቱን ለቀቀች፤ ቀለሙ ገለባ ሲመስል የብርቱካኑን ጭማቂ፣ ሎሚውን፣ ማሩን፣ የተቀጠቀጠውን ቃሪያ አከታትላ ጨመረች። የልጣጩን ብርቱካንማ ፊት ብቻ በጥንቃቄ ፈገፈገች፤ ነጩ ከተነካ መረቁን እንደሚያመርረው እጇ ያስታውሳል። እንፋሎቱ ዓይኗን አቃጠላት፤ ቃሪያው ልክ መሆኑን ያወቀችው በዚያ ነው። የመረቁ አረፋ መጀመሪያ ትንንሽና ችኩል ነበር፤ ቆይቶ ትልልቅና ሰነፍ ሆነ፤ ማማሰያዋን ስታነሣ ጀርባውን እንደ ቀጭን መስታወት ለበሰው። አምሯል። ዕድሜዋን ሙሉ ካበሰለችው ሁሉ አምሯል። ከደረጃው በኩል ልብስ ሰፊዋ በእግር የምትረግጠውን የስፌት ማሽኗን አቁማ ጮኸች፦ «ኧረ አንቺ ሴት! ምን ልታደርጊን ነው? ክሩ ሁሉ ብርቱካን ብርቱካን ሸተተብኝ፤ ደንበኛዬ ቀሚሷን ልትበላው ነው!»

«ጎድጓዳ ሳህን ይዘሽ ማታ ነይ!» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ውስጥ ሣቅ ነበረበት። ልብስ ሰፊዋ ሣቋን ሰምታው አታውቅም ነበርና ከታች «ወይ ጉድ» አለች።

ድፍኑን ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨምራ አማሰለችና የመጀመሪያውን ማንኪያ ለአባቷ ይዛ ገባች። እፍ ብላ አቀዘቀዘችላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ መረቁን በአፋቸው ውስጥ ከጉንጭ ጉንጭ አዞሩት፤ ጣሳው ውስጥ ተፉት። ፊታቸው ድሮ የሚዛን ቀስት እስኪቆም ይጠብቁ የነበረበት ፊት ነው። «ማሩ አለ። ብርቱካኑ ቀድሞ ይመጣል፤ ቃሪያው ኋላ ይከተላል፣ እንደ ሌባና ፖሊስ። ጥሩ ነው» አሉ። «ጨው ግን ያንሰዋል።» ሄዳ ግማሽ ማንኪያ ጨመረች። ሁለተኛውን ሲቀምሱ ቅንድባቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «አሁንም ያንሰዋል» አሉ። ድፍን ጨው ስለሆነ ነው፣ በማንኪያ ላይ ክፍተት ይበዛዋል ብላ አሰበች፤ አሁን አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ጨመረች፣ ሟሟና ጠፋ። ሦስተኛውን አፋቸው ውስጥ ሲያስገቡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቶሎ ተፉት። ውሃ በእጃቸው ጠየቁ፤ ብርጭቆውን እስከ ሥሩ ጠጡት። «ቃሪያው ነው» አሉ፤ «ለሽማግሌ አይሆንም።»

«ጨውስ አባባ?»

መስኮት የሌለውን ግድግዳ ትንሽ አዩ። «ትንሽ… ቁንጥር ብታክይበት። ከዚያ ደረሰ።» ይህን ብለው ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ዳሰሷት። ከስንት ዓመት ወዲህ እንዲህ አድርገው አያውቁም። «እጅሽ ይባረክ» አሉ። ልጅቷ ፊቷን አዙራ ወጣችና ቁንጥሩን ጨመረች፤ በጣም ደስ ብሏት ስለነበር ቁንጥሩ ዛቅ ያለ ሆነ።

ባለማረፊያዋ በሰዓቷ መጣች። ቀጭን፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ደረጃ በወጣች ቁጥር የሠራውን ሰው የምትረግም ሴት ናት። ከመቀመጧ በፊት ማድቤት ገባች፤ መሳቢያ ከፈተች፣ የጠረጴዛውን ሆድ በጣቷ ዳሰሰች፣ ቢላዋውን በጥፍሯ ሞከረች። «ስለት ታውቂያለሽ» አለች። ልጅቷ አባቷን ደግፋ አምጥታ አስቀመጠቻቸው፤ ጠረጴዛው የሚይዘው ሦስት ሰው ነው፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም። አባቷ ተላጭተዋል፤ የሥራ ዘመን ኮታቸውን ለብሰዋል። ለሳቸው ያለ ጨው የተቀቀለውን፣ ለእንግዳዋ በመረቁ የሚያብረቀርቀውን ሁለት ቁራጭ አቀረበች። ሴትዮዋ ከቦርሳዋ በመሐረብ የተጠቀለለ የራሷን ሹካ አወጣች።

«የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ አሉ» አለች ሹካዋን እየወለወለች።

«ሠላሳ አንድ ዓመት።»

«የኔ አባት ባለሱቅ ነበር። እንደ እርስዎ ያለው ሲመጣ በጓሮ በር ነበር የሚወጣው፤ ቁርሱን እንኳ አይጨርስም።»

«የማይዋሽ ሰው አይሮጥም» አሉ አባቷ፤ ሁለቱም ሣቁ። ሴትዮዋ ልጅቷን በአገጯ እያመለከተች «ታዲያ ይቺን ለቀው እንዴት ሊሆኑ ነው?» አለች። «ወላጅ ለልጁ እግር ብረት መሆን የለበትም» አሉ እሳቸው፤ ደህና አድርገው ነው ያሉት። ሴትዮዋ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀችና ከጭኑ አንድ ጉርሻ የሚያህል ቆረጠች፤ መረቁን አስነካችው፤ አፏ ውስጥ ጨመረችው።

ማኘኳን አቆመች። ልጅቷ ቆማ ታይ የነበረው መንጋጋዋን ነው፤ ከመንጋጋ ሌላ የሚነግራት ነገር የላትምና። መንጋጋው እንደቆመ ቀረ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ረጅም አየቻት፤ ከዚያ አባትየውን አየች፤ አባትየው ጨው ያልገባበትን ነጭ የዶሮ ጭን በሹካ እየፈለፈሉ አቀርቅረዋል። ዋጠችው። ውሃ ጠጣች። ራሷ ደግማ ቀድታ ጠጣች።

«ራስሽ ቀምሰሽዋል ይሄን?» አለች።

«አዎ» አለች ልጅቷ። ሌላ ምን ትላለች።

«እሺ።» ሹካዋን ጠረገች፤ በመሐረቧ ጠቀለለች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ የቦርሳዋ መቆለፊያ ጠቅ አለ። ተነሣች። ሳህኑ ላይ አንዱ ቁራጭ እንዳለ አለ፤ ከሌላው የጎደለው የአንድ ጉርሻ ያህል ነው። በሩ ጋ ስትደርስ እንኳ ጉልበቷን አላማረረችም። እርምጃዋ በደረጃው ላይ እየራቀ ሄደ፤ ልጅቷ ቆማ ቆጠረችው፤ ሃያ ሁለት ደረጃ ነው፣ ሃያ ሁለቱንም ሰማች።

«ምግብ አታውቅም ሴትዮዋ» አሉ አባቷ። ድምፃቸው ቀላል ነበር። «ደግሞ ሐይቅ ዳር ብርድ ነው። ላንቺ ደረት አይሆንም፤ አስቤበት ነበር። እግዜር ያላለው ነው።» ሹካቸውን አስቀመጡ። «ሻይ ብታፈይልን።»

ልብስ ሰፊዋ ጎድጓዳ ሳህኗን ይዛ፣ መርፌ ደረቷ ላይ ሰክታ ገባች። «ሄደች አይደል? አየኋት፤ ሰላም እንኳ አትልም፤ ባለ ገንዘብ መሆን ምላስ ይቆልፋል እንዴ?» እያለች ወደ ድስቱ ሄደች፤ በጣቷ ከጥጉ ጠረገችና አፏ ውስጥ ከተተች። ፊቷ ተጨማደደ። «ውይ! ውይ በሞትኩት! ሐይቁን ነው እንዴ ድስት ውስጥ የገለበጥሽው?» ወደ ማጠቢያው ሮጣ ተፋች፣ አፏን ተጉመጠመጠች፤ እየሳቀች ዘወር ስትል ማንም እንደማይስቅ አየች። «ሳትቀምሺው ነው ያቀረብሽላት? ጋሼ፣ እርስዎስ ዝም አሉ?» አለች። ጋሽ ሚዛን ኮታቸው ላይ የሌለውን ፍርፋሪ ያራግፋሉ። ልብስ ሰፊዋ አንዱን አይታ ሌላውን አየች፤ ባዶ ሳህኗን አቅፋ በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ወረደች።

ልጅቷ ከማጠቢያው አጠገብ ቆመች። የጨው ጣሳው ክዳኑ እንደተከፈተ ነው። ነገሩ የመጣባት በአንድ ጊዜ አይደለም፤ የሚዛን ቀስት እንደሚቆመው ወዲህ ወዲያ እያለ ነው። መጀመሪያ፣ ድፍን ጨው ነው ያሳታቸው አለች። ቀጥላ፣ አርጅተዋል አለች። ከዚያ የራሳቸው ቃል መጣ። ስድስት ዓመት ጨው ያልነካው ምላስ እንደ አዲስ ሚዛን ነው። ቅንጣት ብትወድቅበት ይሰማዋል። እንዲህ ያለ ምላስ ጨው በዛ ብሎ ሊሳሳት ይችላል፤ አነሰ ብሎ ግን ሊሳሳት አይችልም። ያን ብርጭቆ ውሃ እስከ ሥሩ የጠጡት ትዝ አላት። ጉንጯን የዳሰሷት ትዝ አላት፤ እጇ ሳታዘው ሄዶ ያንን ጉንጯን ጠረገ።

አልጮኸችም። የእንግዳዋን ሳህን አነሣች፤ የአባቷን ነጭ ጭን ከፊታቸው ወስዳ በምትኩ እሱን አስቀመጠች። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች፤ ያን ቀን ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው።

«ይብሉ አባባ።»

«ሐኪሙ…»

«ሐኪሙ ጨው ያነሰው ነው የሚስማማዎት ያለው። ይሄ ጨው ያንሰዋል። ሦስቴ ቀምሰው ነው ያሉኝ።»

አባቷ ሳህኑን አዩ፤ አዩዋት። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው፤ ቤቱ ሁሉ ያችን ቃል ጸጥ ብሎ ጠበቀ፤ ከታች የልብስ ሰፊዋ ማሽን እንኳ ቆሟል። ሹካቸውን አነሡ። የመጀመሪያውን ዋጡ። ሁለተኛውን ዋጡ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ደህናው እጃቸው ወደ ውሃው ብርጭቆ ሲሄድ ልጅቷ ብርጭቆውን በጣቷ ጫፍ ከሚደርሱበት አራቀችው፤ በትሕትና፣ ጠረጴዛ እንደሚያስተካክል ሰው። ከቁራጩ ግማሹን እንደበሉ «አሁንስ አባባ፣ እንዴት ነው? ያንሰዋል?» አለች።

ከንፈራቸው ነጥቷል። ዓይናቸው ወደ አልጋቸው ወደሚያስገባው በር ሄዶ ተመለሰ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዓይኑን ሳያርገበግብ የቆመ ሰው ኩራት ቀላል አይደለም።

«ትንሽ» አሉ።

ተነሥታ የጨው ጣሳውን አመጣች፤ ድፍኑን በሦስት ጣቷ አንሥታ እንደ በረዶ አወረደችበት። እስከ መጨረሻው በሉት። አጥንቱ ሲቀር ሹካቸውን በሳህኑ ላይ አጋደሙ፤ የእንግዳ ወግ እንደሚያውቅ ሰው። ልጅቷ ደግፋ ወደ ውስጥ ወሰደቻቸው። ጫማቸውን አወለቀች፤ ኮታቸውን ሰቀለች፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳበች፤ ማንኪያዋን ደህናው እጃቸው ውስጥ አስያዘቻቸው። ከአልጋው አጠገብ ያለውን ጆግ ይዛ ወጣች። መጥበሻውን አጠበች። ከድስቱ የቀረውን ደፋች። ቢላዋዋን በጨርቅ ጠቀለለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ያለችውን ቦርሳ አነሣች፤ ለሐይቁ ከሁለት ሳምንት በፊት የተዘጋጀች ናት። ውጭው ገና አልጨለመም፤ በደረጃው መስኮት የሚገባው ብርሃን ብርቱካንማ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ተቀምጣ ጠርዝ ትለቅም ነበር፤ የእግር ድምፅ ስትሰማ ቀና አለች። ቦርሳውን አየች። «ቀጠረችሽ እንዴ ሴትዮዋ? በዚያ ጨው?» አለች፤ ክሩ በጥርሷ ውስጥ ነው። ልጅቷ አለፈቻት። «አንቺዬ! ወዴት ነሽ? የኔ ተራ ከነገ ጠዋት ነው ወይስ ከዛሬ ማታ?» ከላይ፣ ከዘጋችው በር ጀርባ፣ ብረት ብረትን መታ። ቃ፤ ቃ። «እየጠሩሽ ነው እኮ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። የመንገዱ በር ተከፍቶ የጎዳናው ጫጫታ ገባ፤ ተዘግቶ ጫጫታው ቀረ።

ልብስ ሰፊዋ ክሩን ከጥርሷ አውጥታ፣ የተማረችውን በጣቷ እየቆጠረች አዳመጠች። ሁለት ውሃ ነው። ልትነሣ ስትል ማንኪያዋ ደግማ ሁለት ጊዜ መታች። እዚያው ቁጭ እንዳለች ቀረች። አራት ምን እንደሆነ አልነገረቻትም።